«አጠቃላይ» የተባለው ትምህርት ቤት ማንን አጠቃለለ? የመሐል ከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የሙስሊሙ ልጅ



መስቀል አደባባይ በጠዋት የተማሪ ነው። ከባቡሩ የሚወርደው፣ ከታክሲው የሚዘለው፣ ከካዛንቺስና ከቂርቆስ በእግሩ የሚመጣው ልጅ ሁሉ በዩኒፎርሙ ቀለም ይለያል። የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ስም ግን አንድ ዓይነት ጅራት አለው፦ «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት»። በዚያ በር የገባን ብዙዎች ነን፤ «አጠቃላይ» ምን ማለት እንደሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ቃሉ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ውስጥ ደግሞ የአዲስ አበባ ሙስሊም ቤተሰብ ታሪክ አለበት። ሰሞኑን የመሐል ከተማው ሰፈር እየተነሣ ባለበት ወቅት ይህን ማንሳቱ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከመነሻው እንጀምር። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከሚሰጡት ቋንቋዎች መካከል ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ ጋር ዐረብኛም ይገኝበት ነበር። ዐረብኛ ለዚህ አገር ትምህርት ቤት ባዕድ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ አንድ መልስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተፈሪ መኮንን በ1917፣ እቴጌ መነን በ1924 ተከተሉ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ኮተቤ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጄኔራል ዊንጌት መጡ። ስማቸው የገነነ፣ ከመላ አገሪቱ የተመረጡ ልጆችን እያሳደሩ የሚያስተምሩ ነበሩ።

«እያሳደሩ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልን። አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ልጁ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ ጠዋት ሲደወል ከሌላው ጋር ለጸሎት ይሰለፋል ማለት ነው። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም። ለአንድ ሙስሊም አባት «ልጅህን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ስጥ» ማለት ማዕዱንም ጸሎቱንም አብረህ ስጥ እንደማለት ነበር። ብዙዎች አልሰጡም። «ሙስሊሙ ዘመናዊ ትምህርት ይጠላ ነበር» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ሲደጋገም እንሰማለን። አባቶቻችን ግን ትምህርት ጠልተው አያውቁም፤ የልጃቸውን ወጥ መጠየቃቸውን ነው ሌላው ጥላቻ ያለው።

ወሬው የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰጠው የግብረ ገብ ትምህርትም ከዚህ የሚቀዳ ነበር። ሙስሊሙ ልጅ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ከአባቶቻችን ደጋግመን የሰማነው የሁለት ስም ታሪክም የዚያ ዘመን ነው፤ በቤት ሙሐመድ ወይም ከድር፣ በክፍል መዝገብ ሌላ ስም። የቀየሩት ሁሉ ተገደው ነው አንልም። አንዳንዱ ራሱ መርጦታል፤ ሥራ ሲፈልግ ስሙ ከሰርተፍኬቱ ቀድሞ እንደሚነበብ ያውቅ ነበርና።

«አጠቃላይ» የተባለው ዓይነት ትምህርት ቤት የመጣው በዚህ መሐል፣ በ1950ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱ የተለያየ ነበር። ቀለም የሚማረው ወደ አንዱ፣ መካኒክና ኤሌክትሪክ የሚማረው ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ተግባረ እድ፣ ሒሳብ አያያዝና ታይፕ የሚማረው ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። አዲሱ ሐሳብ ይህን ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ማድረግ ነበር። በአንድ በኩል ፊዚክስና ታሪክ፣ በሌላ በኩል የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ፣ የታይፕ መኪና የተደረደረበት ክፍል፣ ለሴቶች ባልትናና ስፌት፣ ቦታው ከፈቀደ ደግሞ እርሻ። ለዚህ የአሜሪካ እርዳታ ነበረበት። የዓለም ባንክም በ1958 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ትምህርት የመጀመሪያውን ብድር፣ 7.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲሰጥ ያተኮረው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ስለዚህ «አጠቃላይ» ማለት የቀለሙንም የእጁንም ትምህርት የሚያጠቃልል ማለት ነው።

የቃሉ ትርጉም ይኸው ነው። ለኛ ጉዳይ ግን ከወርክሾፑ ይልቅ አንድ ቀላል ነገር ይበልጣል፤ አጠቃላዩ ትምህርት ቤት የቀን ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪው የሰፈር ልጅ ነው። ጠዋት ከናቱ ቤት ይወጣል፣ ለምሳ ከናቱ ቤት ይመለሳል። የማዕዱ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ቀለለ። ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው ኮከበ ጽባሕም ይሁን በቂርቆሱ ሽመልስ ሀብቴ፣ በመድኃኔ ዓለምም ይሁን በመርካቶው አዲስ ከተማ፣ የነጋዴው፣ የልብስ ሰፊውና የሹፌሩ ልጅ ዴስክ ተጋርቶ የተቀመጠው በዚህ መንገድ ነው። ለኛ ማኅበረሰብ ከዊንጌትና ከኮተቤ ይልቅ የከተማውን በር የከፈተው ይህ ስሙ ያልገነነ የሰፈር ትምህርት ቤት ነው ብንል አላጋነንም።

ሁለተኛው ነገር ፈረቃ ነው። የክፍል እጥረት ያመጣው ፈረቃ በትምህርት ባለሙያ ዓይን ችግር ነው፤ ትክክልም ነው፣ ልጁ በቀን የሚማረው ሰዓት ይቀንሳል። ለሙስሊሙ ቤት ግን ያልታሰበ በረከት ሆነ። ጠዋት ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቁርኣን ቤት ይሄዳል፤ የከሰዓቱ ደግሞ ከሱብሒ በኋላ ኡስታዙ ፊት ይቀመጣል። ቃዒዳውን ጨርሶ ጁዝ ዐመን የቀራ፣ ኋላም ኪታብ የጀመረ፣ በዚያው ዓመት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን የወሰደ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ኡስታዞቹም ይህን ያውቃሉ፤ በፈተና ሰሞን ሙራጀዓውን ያቀልላሉ። ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ትውልድ የወጣው በእቅድ ሳይሆን በክፍል እጥረት ነው።

የዴስኩ ጉርብትና ደግሞ ፍሬው የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ወሎ ላይ፣ የደሴው ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን እኩል ያቀላቀለ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነበር። ዋለልኝ መኮንን ከዚያ ወጥቶ ነው በ1962 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳው። በአዲስ አበባም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን ተከትሎ ወደ ጎዳና ወጥቷል። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የሚባለውን በመቃወም ጭምር ነበር። ጥናቱ አብዛኛው ልጅ ከጥቂት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በኋላ ወደ ሥራ እንዲሄድ የሚያደርግ ስለነበር ወላጁ «የድሃ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር ነው?» ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጥናቱን አቆመው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም ወጣ። የተሰላፊው ቁጥር እስከ መቶ ሺህ ይገመታል። ጥያቄው 13 ነጥብ ነበረው፦ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይታወቁ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይጠናከሩ፣ በሲቪል ሰርቪሱና በመከላከያው እኩል እንቀጠር፣ መሬት እንያዝ። ከሁሉ በላይ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይቅርና «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚለው ነው በሁሉም ዘንድ የቀረው። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ተማሪዎችም አብረው ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች ስለ ሃይማኖት እኩልነት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማሩት። ዒድ ቀን ትምህርት ስለማይዘጋ ጓደኛቸው «ቀሪ» ተብሎ ስሙ ሲጠራ በክፍል ውስጥ ሰምተዋል። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ሕዝባዊ በዓል ሆነው ታወጁ። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ቀናት ቀሪ የሚባል የለም።

የዚያ ትውልድ መጨረሻ ግን ከባድ ነው። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ሆነው ወደ 60 ሺህ ያህል ወደ ገጠር ተላኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀይ ሽብር መጣ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በደም የተሞሉ የተባሉ ጠርሙሶችን መሬት ላይ የሰበሩት በዚሁ አደባባይ ነው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር። ዛሬ በአደባባዩ ጥግ ያለው በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በፎቶግራፍ የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ፊቶች ገና ጢም ያላወጡ ናቸው። ለባቡር የሚቆመው ተማሪ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፤ መግባቱን ብቻ አንድ ቀን ይሞክረው እንላለን። ከሰለባዎቹ የሁለቱም እምነት ልጆች አሉ።

ከዚያ በኋላ ስሞች ተቀየሩ። ተፈሪ መኮንን እንጦጦ፣ መነን የካቲት 12 ተባለ፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች በከፍተኛቸው ቁጥር ይጠሩ ጀመር። ግብረ ገቡ ቀርቶ የፖለቲካ ትምህርት ገባ። የሙስሊሙ ልጅ ከአንዱ ስብከት ወጥቶ እግዚአብሔርም አላህም የለም ወደሚል ሌላ ስብከት ገባ፤ ለኢማን ከፊተኛው የባሰ ፈተና ነበር ቢባል የሚቃወም ብዙ አይኖርም። ሆኖም በክፍሉ ውስጥ አንዱ ከሌላው በእምነቱ አልበለጠም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቃሉን ትርጉም ራሱን አፈረሰው። ሁለተኛ ደረጃ 9ኛና 10ኛ፣ መሰናዶ 11ኛና 12ኛ ተብሎ ተከፈለ፤ የእጅ ሙያው ወጥቶ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሄደ። ስሙ በሰሌዳው ላይ «አጠቃላይ» ሆኖ ቀረ፤ ይዘቱ ግን ሄደ። ታይፕ መማሪያው፣ የእንጨት መላጊያውና የስፌት መኪናው ከትምህርቱ ከወጡ በኋላ ለልጁ የቀረው አንድ መንገድ ማትሪክ ነው። ያ መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ታየ። ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዱሮው አጠቃላይ ትምህርት ቤት ፈተናውን ላላለፈው ልጅ ቢያንስ ሚስማር መምታት ወይም ሒሳብ መዝጋት አስተምሮ ይሸኘው ነበር።

አሁን ብዙ ወላጆች የሚጠይቁን ስለ ጁምዓና ስለ ሒጃብ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽእኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው መመሪያ ደግሞ በትምህርት ግቢ ውስጥ የጋራ ስግደትንና ፊትን የሚሸፍን አለባበስን ይከለክላል። ፀጉርን የሚሸፍነው ሒጃብ የዚህ አካል አይደለም። ዩኒት ሊደሩ ወይም ዘበኛው በር ላይ «አውልቂ» ሲል ከመጣላት በፊት ይህን መለየት ይጠቅማል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎችን ሲከለክሉ፣ 159 ሴት ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ሲዘገብ፣ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ወደ ፍርድ ቤት ነው የሄደው። ትምህርት ከሃይማኖት ነጻ ይሁን ማለት ትምህርት ቤቱ ለማንም አያዳላም ማለት እንጂ ልጅቷ እምነቷን በር ላይ አስቀምጣ ትግባ ማለት አይደለም።

የጁምዓው ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ዙህር የሚገባው 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ደግሞ በዚያው ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ኹጥባው ሲያልቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ ወላጆችና አስተዳደሩ ተነጋግረው ዓርብ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ወደ ሌላ ሰዓት አዛውረዋል። ይህ የሆነው በጩኸት አይደለም፤ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ባነሱ አባቶችና እናቶች ነው። ወደ ወላጅ ስብሰባ የማንሄድ ከሆነ ለመጠየቅ አፍ አይኖረንም።

ከዚህ ድካም ለመገላገል ልጆቻቸውን ወደ ኢስላማዊ ትምህርት ቤቶች የወሰዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። አወሊያ የዚህ ፋና ወጊ ነው፤ የ2004ቱ የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴም ከዚያ ግቢ ነው የተነሳው። ዐረብኛና ቁርኣን ከሒሳብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ለሁሉም ቤት አይበቃም፣ ክፍያውም ለሁሉም አይደለም። ደግሞም ከጎኑ ክርስቲያን ልጅ ተቀምጦ ያላየ ልጅ በሚያዝያ 12 ሰልፍ የታየውን ዓይነት ጓደኝነት ከየት ያገኛል? እኛ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አንልም። የሰፈሩ ትምህርት ቤት በእጃችን እያለ እንዳንጥለው ነው የምንፈልገው።

ሰፈሩስ? ስሙን ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ፣ ከ«ካሳ ኢንቺስ»፣ የወረሰው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በአብዛኛው ተነሥቷል። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራ ገብተዋል። ቤቱ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን በትምህርት ዘመኑ መሐል ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቁርኣን ቤቱና ኡስታዙ በአንድ ሳምንት ተለውጠዋል። ፈረቃው ባዶ የተወለትን ግማሽ ቀን ታክሲው በልቶታል። አንዳንዱ በዱሮው ትምህርት ቤት ለመጨረስ በሌሊት ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ ይመላለሳል፤ ሌላው መሸኛ ወስዶ አዲሱ ቦታ ገብቷል፤ ሌላው ደግሞ መሐል ላይ ቆሟል። መሐል ላይ የቆሙት ያሳስቡናል።

ከተነሡት ቤተሰቦች አንዱ ከሆናችሁ፣ ከዱሮው ትምህርት ቤት መሸኛውንና የየክፍሉን ውጤት የያዘውን ትራንስክሪፕት በማኅተም ተቀበሉ፤ ዋናውን ከመስጠታችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ። ስሙ በፈተና ምዝገባው፣ በትራንስክሪፕቱና በመታወቂያው ላይ በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ»ና «ሞሐመድ» ለኛ አንድ ቢሆኑም ለምዝገባው ኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ምዝገባው የትኛው ትምህርት ቤት ላይ እንደተያዘ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። በአዲሱ ሰፈር ቁርኣን ቤት ከሌለ በአቅራቢያችሁ ያለውን የመስጂድ ኮሚቴ አነጋግሩ፤ አንድ ኡስታዝ፣ አንድ ክፍልና አንድ ሰሌዳ ለመጀመር ይበቃሉ፤ ከካዛንቺስ የተነሡትን ኡስታዞች አድራሻም ጎረቤቶቻችሁ ያውቁታል።